የአይሪሽ ስም «ትርጉም» ምንድን ነው?

ደብሊን የሚኖሩ ወዳጆቼ ልጅ ሊወልዱ ነው። ስም ሲፈልጉ ያገኙትን ዝርዝር ላኩልኝ። መጀመሪያው ላይ «ሾን፦ በአይሪሽ ‹እግዚአብሔር ቸር ነው› ማለት ነው» ይላል። ይህችን ነገር አንብቤ ማለፍ ሰልችቶኛል።

ሾን በአይሪሽ፣ በአየርላንዶች የራሳቸው ቋንቋ፣ ምንም ማለት አይደለም። በምዕራብ አየርላንድ፣ ቋንቋው ዛሬም ወደሚነገርበት ጎልዌይ ሄዳችሁ አፉን በአይሪሽ የፈታ ሰው ጠይቁ። «የአያቴ ስም ነው» ይላችኋል፤ ስለ ቸርነት የሚሰማው ነገር የለም። ትርጉሙ የዕብራይስጥ ነው። ስሙ ዮሐንስ ነው። በግሪክና በላቲን አድርጎ ፈረንሳይ ገባ። ከእ.ኤ.አ. 1169 ጀምሮ አየርላንድ የገቡት ኖርማኖች (መነሻቸው ሰሜን ፈረንሳይ ነው) በፈረንሳይኛቸው ይዘውት መጡ፤ በአገሬው አፍ ሾን ሆነ። የሴቷም ሺቮን ሆነች። (ከዚያ በፊት ከላቲን በቀጥታ የገባ ኦወን የሚባል ሌላ ዮሐንስም አለ። ሁለቱን አታምታቱ።)

«ሥሩ አንድ ከሆነ ምን ለውጥ አለው?» ብሎ የሞገተኝ ሰው ነበር። ለውጥ አለው። የቅድመ አያቶቻችንን ጠገራ ብር አስቡ። ፊቱ ላይ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ አለች፤ ዙሪያውን ላቲን ተጽፎበታል። ገበያ ላይ ያንን ላቲን ለማንበብ የተጨነቀ አልነበረም። ብሩ ግን በሬ ይገዛ ነበር። ሾንም እንደዚያ ነው። ጽሕፈቱ የሌላ አገር ነው፤ ዋጋው ግን አየርላንድ ውስጥ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ የመጣ ነው።

በዚሁ ጠገራ ልቀጥል። ንግሥቲቱ በእ.ኤ.አ. 1780 ሞተች። ከዚያ በኋላ የተመታው ብር ሁሉ ግን 1780 የሚል ነው። ዓመቱን አይታችሁ ዕድሜውን አታውቁም። ዝርዝሮቹም ሲርሻን «ጥንታዊ የኬልቶች ስም» ሲሉ አሮጌ ዓመት እየመቱበት ነው። ቃሉ በእርግጥ ጥንታዊ ነው፤ ነፃነት ማለት ነው። የሰው ስም የሆነው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ አየርላንዶች ከእንግሊዝ ለመውጣት በታገሉበት ዘመን አካባቢ ነው። ሲርሻ እኛ ልጃችንን ነፃነት ስንል እንደሚሰማን ሆኖ ይሰማል። እዚህ ላይ «ትርጉሙ» ብትሉ እስማማለሁ። አጠራሩ ግን እንደየአውራጃው ነው፤ ሰርሻ የሚሉም አሉ።

ጠገራ ቀልጦ መስቀልና አምባርም ይሆን ነበር። ካትሊን የአየርላንዶች ካትሪን ናት። አሜሪካኖች ፊደሏን በእንግሊዝኛ አነበቡትና ኬትሊን አሏት። ያማረ አዲስ ስም ነው፤ አልነቅፈውም። «የአይሪሽ አጠራር ነው» ሲባል ግን ዝም አልልም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ዴርድራ ናት። «ዴርድራ፦ ሐዘን» ይላሉ። ሐዘኑ ያለው በስሙ ውስጥ ሳይሆን ስለ እሷ በሚተረከው የአየርላንዶች አፈ ታሪክ ውስጥ ነው። ንጉሥ ኮንኮቫር ሊያገባት ፈለገ፤ እሷ ከምትወደው ከኒሻ ጋር ወደ ስኮትላንድ ሸሸች፤ መልሶ አስመጣቸውና ኒሻን አስገደለው። ታሪኩ ያስለቅሳል። ኢዮብ መከራ ስላየ ግን «ኢዮብ ማለት ቁስል ነው» ይባላል? የዴርድራ ሥር ሊቃውንቱን ዛሬም ያከራክራል።

ሜቭ፣ በአፈ ታሪኩ የምዕራብ አየርላንዷ የኮናክት ንግሥት፣ የተሻለ ዕድል አላት። ስሟ «የምታሰክር» ማለት ነው፤ እንደኛ ጠጅ ከማር ከሚጣል መጠጥ ስም ጋር ዘመድ ነው። ይህ ግን የድሮው አይሪሽ ነው። ዛሬ ሜቭ ተብላ ስትጠራ ስካር ትዝ የሚለው ሰው የለም።

ለእኛ በጣም የሚቀርበውን ደግሞ እነዚህ ዝርዝሮች ሲያነሱት አላየሁም። ድሮ አየርላንዶች ከአክብሮት የተነሳ ልጃቸውን እንዲሁ ፓትሪክ አይሉም ነበር። «ጊላ» ያስቀድሙበታል፤ አገልጋይ ማለት ነው። ጊላ ክሪስት ገብረ ክርስቶስ ነው። ጊላ ዊረ ገብረ ማርያም ነው፤ ጊልሞር የሚባለው የቤተሰብ ስም ከዚህ የወጣ ነው። እስከ ዛሬም ሙይረ የሚለው ስም ለእመቤታችን ብቻ ነው። ለሴት ልጅ የሚወጣው ማውረ ነው፤ በጽሑፍ ሲታይ የሚለያያቸው አንድ አናባቢ ነው።

ለወዳጆቼ መልሼ ደወልኩ። የሚወለደው ወንድ ነው። የአባትየው አባት ዮሐንስ ይባላሉ። «ሾን ብትሉት የአያቱ ሞክሼ ነው» አልኳቸው።