አይዝነር አዋርድ ምንድን ነው? ጁንጂ ኢቶስ እንዴት ደጋግሞ በላው?

ሆረር ማንጋ (አስፈሪ የጃፓን ኮሚክ፣ በሥዕል የሚነገር ታሪክ) የምትወዱ ሰዎች የጃፓናዊው ሰዓሊ የጁንጂ ኢቶ ስም በተነሳ ቁጥር "አይዝነር ያሸነፈው" ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። አይዝነር ማለት አሜሪካ ውስጥ ለኮሚክ የሚሰጥ ትልቁ ሽልማት ነው፣ የኮሚክ ኦስካር ይሉታል። የተጀመረው በ1988 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ስሙም ዊል አይዝነር ከሚባለው አሜሪካዊ ካርቱኒስት የመጣ ነው፣ በየዓመቱ ሳንዲዬጎ ኮሚክ ኮን በሚባለው ትልቅ የኮሚክ ዝግጅት ላይ ይሰጣል።

አሸናፊውን ፋን አይመርጥም። መጀመሪያ ጥቂት ዳኞች ተሰብስበው እጩዎቹን ይለያሉ፣ ከዛ ድምጽ የሚሰጡት ሙያው ውስጥ ያሉት ናቸው፣ ሰዓሊ፣ ደራሲ፣ ኤዲተር፣ የኮሚክ ሱቅ ባለቤት ምናምን። ስለዚህ ሚሊዮን ፎሎወር ቢኖርህም እዚህ ጋ ብዙ አይሰራም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን የጃፓን ሽልማት ሲመስለው ነው። ጃፓን የራሷ አላት፣ ሾጋኩካን አለ፣ ኮዳንሻ አለ፣ በቴዙካ ኦሳሙ ስም የሚሰጠውም አለ። የሆረር ማንጋ አባት የሚባለው ካዙኦ ኡሜዙ ሾጋኩካንን የወሰደው በ70ዎቹ አጋማሽ ነው፣ አንድ ትምህርት ቤት ከነተማሪዎቹ ድንገት ሁሉ ነገር ወደወደመበት ዓለም የሚወረወርበትን ታሪክ ስሎ። ኢቶ ራሱ የኡሜዙ ፍሬ ነው ማለት ይቻላል፣ የጥርስ ቴክኒሺያን ሆኖ እየሰራ በ1987 "ቶሚኤ" የሚለውን ማንጋውን በኡሜዙ ስም ለሚሰጥ ሽልማት ላከ፣ ዳኞቹ ውስጥ ኡሜዙም ነበረ፣ አንደኛ እንኳን አልወጣም፣ በማበረታቻ ነው ያለፈው። በቃ ከዛ ወዲህ ያለው ታሪክ ነው።

አይዝነርን ደግሞ በ2019 በ"ፍራንከንስታይን" አገኘ፣ ከሌላ ዘርፍ ወደ ኮሚክ በተመለሰ ሥራ ካታጎሪ። በ2021 ሁለት ወሰደ፣ በ2022 ደገመ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ከ2021ዱ አንዱን ያገኘው "ሬሚና" ጃፓን ውስጥ የወጣው በ2005 ነው! ምክንያቱም የእስያ ሥራዎች ካታጎሪ የሚሸልመው አሜሪካ ውስጥ የታተመውን ኢዲሽን ነው፣ እንግሊዝኛው የወጣው በ2020 ስለሆነ ለነሱ አዲስ መጽሐፍ ነው። እንግዲህ ያልተተረጎመ ሰዓሊ አገሩ ላይ የፈለገ ቢነግስ አይዝነር አይደርሰውም፣ ለዚህ ነው "አይዝነር የለውም" ተብሎ አንድን ማንጋካ (የማንጋ ሰዓሊ) ማጣጣል የማይገባኝ።

ለኔ ትልቁ ግን የ2021ዱ ሁለተኛው ሽልማት ነው፣ ምርጥ ደራሲና ሰዓሊ። ይሄኛው የእስያ ምናምን ተብሎ ለብቻ የተከለለ አይደለም፣ ከአሜሪካኖቹ ጋር እኩል ተወዳድሮ ነው የወሰደው። ደግሞ ድምጽ የሚሰጡት ባለሙያዎች ስለሆኑ የእጅ ሥራውን ያያሉ። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፣ ኢቶ በግራው ገጽ ታች ጥግ፣ የመጨረሻዋ ሳጥን ላይ፣ የሆነ ነገር አይቶ የደነገጠ ፊት ብቻ ያስቀምጣል፣ ምን እንዳየ አያሳይህም፣ ገጹን መግለጥ ያንተ ፋንታ ነው፣ ስትገልጠው ያ ነገር ገጹን ሙሉ ይዞ፣ እያንዳንዷ ጸጉርና የቆዳ መጨማደድ በቀጭን መስመር ተስላ ቁጭ ብላለች። ያለ ድምጽ፣ ያለ ሙዚቃ እንዲህ ማስደንገጥ ቀልድ አይደለም።