የጋራ ከርነል፦ ቶሎ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ሊኒየር ኦፕሬተር ማለት ድምርንና በቁጥር ማባዛትን ጠብቆ ቬክተርን ወደ ቬክተር የሚልክ ሕግ ነው። ሊኒየር ኦፕሬተር ሀ ወደ ዜሮ የሚልካቸው ቬክተሮች ሁሉ ከርነሉ ይባላሉ። ሀ እና ለ ሁለቱም ዜሮ የሚያደርጓቸው ደግሞ የጋራ ከርነላቸው ናቸው። እዚህ ሀለ = ለሀ ነው እንበል፤ የትኛውም ይቅደም ውጤቱ አንድ ነው።

«ሁለቱም ከርነል ካላቸው የጋራ ነገር አያጡም»

ያጣሉ እንጂ! ሀ (ኤክስ፣ ዋይ)ን ወደ (0፣ ዋይ)፣ ለ ደግሞ ወደ (ኤክስ፣ 0) ይላክ። ቅደም ተከተላቸው ለውጥ አያመጣም። ግን የአንዱ ከርነል አግድም መስመር፣ የሌላው ቀጥ ያለ መስመር ነው። የሚገናኙት ዜሮ ላይ ብቻ ነው።

«ታዲያ ሀለ = ለሀ መሆኑ ምን ይጠቅማል?»

ብዙ። ቬክተር ቀ በሀ ከርነል ውስጥ ካለ፣ ሀለቀ = ለሀቀ = 0 ነው። ስለዚህ ለ የፈለገውን ቢያደርገው ቀ ከሀ ከርነል አይወጣም። አሁን ለ ሲደጋገም ዜሮ የሚሆን ኦፕሬተር ነው እንበል። ከሀ ከርነል ዜሮ ያልሆነ ቬክተር ቀ ይዘን ኦፕሬተር ለን ደጋግመን እናሳርፍበት። ዜሮ ከመምጣቱ በፊት የምናገኘው የመጨረሻ ቬክተር በሁለቱም ከርነል ውስጥ ነው። ከላይ ያለው ምሳሌ የከሸፈው ለ ቢደጋገምም ስለማይጠፋ ነው።

«የሀ + ለ ከርነል የጋራው ከርነል ነው»

ለ = −ሀ ቢሆንስ? ድምሩ ሁሉንም ያጠፋል።

«የየግላቸው ከርነል ዳይሜንሽኑ ማለቂያ ከሌለው፣ የጋራውም የለውም»

እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው። ዳይሜንሽን ማለት ሌሎቹን ሁሉ በቁጥር እያባዙና እየደመሩ ለመሥራት የሚያስፈልጉ ቬክተሮች ትንሹ ብዛት ነው። የኤክስና የዋይ ፖሊኖሚያሎችን እንደ ቬክተር እንውሰድ። በኤክስ ሁለት ጊዜ ዴሪቬቲቭ መውሰድ አንዱ ኦፕሬተር፣ በዋይ ሁለት ጊዜ መውሰድ ሌላው ይሁን። የእያንዳንዱ ከርነል ዳይሜንሽን ማለቂያ የለውም። ሁለቱም የሚያጠፉት ግን ከ1፣ ኤክስ፣ ዋይ እና ኤክስ × ዋይ የሚሠራውን ብቻ ነው። ዳይሜንሽኑ 4፣ ማለትም 2 × 2።

«እንግዲያው ኦርደራቸውን (ስንት ጊዜ ዴሪቬቲቭ እንደሚወስዱ) ማባዛት ነው»

ቀስ! ሁለተኛውን «አንዴ በኤክስ፣ አንዴ በዋይ» በሚለው ብንተካው ሁለቱም በኤክስ ዴሪቬቲቭ ይወስዳሉ። ያኔ ዋይ ብቻ ያለበት ፖሊኖሚያል ሁሉ ይጠፋል፤ ዳይሜንሽኑም ማለቂያ የለውም።

ኦፕሬተሮቹ ከሁለት ሲበልጡ አንዳንዴ መልሱ ከማባዛት ሳይሆን ከመቁጠር ይመጣል። ሦስት አቅጣጫዎች እንውሰድ፦ (1፣0)፣ (0፣1)፣ (1፣1)። ለእያንዳንዱ የአቅጣጫ ጥንድ፣ አንዴ በአንዱ አንዴ በሌላው አቅጣጫ ዴሪቬቲቭ የሚወስድ አንድ ኦፕሬተር፣ በጠቅላላው ሦስት አሉን። ሁሉም የሚያጠፉት ከ1፣ ኤክስ እና ዋይ የሚሠራውን ነው፤ ዳይሜንሽኑ 3። ከሦስቱ አቅጣጫዎች ቤዝስ የሚሆኑት፣ ማለትም የሁለት ዳይሜንሽን ቬክተሮችን ሁሉ መሥራት የሚችሉት ጥንዶችስ? እነሱም 3። የሒሳብ ሊቃውንቱ ዳህመን እና ሚኬሊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቦክስ ስፕላይንን (ከፖሊኖሚያል ቁርጥራጮች የተገጣጠሙ ፈንክሽኖችን) ሲያጠኑ ይህ እኩልነት በአጋጣሚ የመጣ እንዳልሆነ አረጋግጠዋል።