ወቅታዊ ኩሬ ምንድን ነው? ደረቀ ማለትስ ሞተ ማለት ነው?

ወቅታዊ ኩሬ ማለት ዝናብ ሲጥል የሚሞላ፣ በደረቁ ወራት ደግሞ የሚደርቅ ረባዳ ነው። «በጋውን ሙሉ ደርቆ የሚቆም ኩሬ ምን ይረባል? ይቆፈርና ዓሣ ይለቀቅበት።» ይህን ባህር ዳር ላይ ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ወዳጃችን «ሳላማንደር እንኳ ውሃ ውስጥ አይደል የሚራባው? ታዲያ ኩሬው ባይደርቅ አይሻልም?» ብሎ አስረጂ አመጣልኝ። በል እንግዲህ በራስህ ምሳሌ እንሂድ።

ሳላማንደር ጭራ ያለው የእንቁራሪት ዘመድ እንጂ እንሽላሊት አይደለም። ከሰሐራ በታች የለም፤ ስለዚህ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳና ጆርጂያ ድረስ ልውሰድህ። እዚያ ፍላትዉድስ የሚባል፣ ቁጥሩ እጅግ የተመናመነ ሳላማንደር አለ። ሴቷ በጥቅምትና በኅዳር፣ ዝናብ በጣለበት ሌሊት ከጥድ ጫካው ወጥታ ገና ውሃ ያልያዘ ረባዳ ውስጥ ትገባና ሣር ሥር እንቁላሏን ትጥላለች። ደረቅ መሬት ላይ!

ነገሩ ዝናቡን አምኖ በደረቅ እንደሚዘራ ገበሬ ነው። ረባዳው ሲሞላ እንቁላሉ ይፈለፈላል። ዝናቡ ከቀረ ዘሩም እንቁላሉም ይበላሻል፤ መጥቶ ቶሎ ካቋረጠም ቡቃያው ሳያፈራ እንደሚጠወልገው ሁሉ ጫጩቶቹም የብስ ለመውጣት ሳይደርሱ ያልቃሉ፣ ምክንያቱም ከ11 እስከ 18 ሳምንት ውሃ ያስፈልጋቸዋል። እና ዓሣውስ? ማሳ ውስጥ የተለቀቀ ከብት በለው። እንቁላሉንም ጫጩቱንም ይጠርገዋል። ኩሬው በየዓመቱ መድረቁ ዓሣ እንዳይቀመጥበት ያደርጋል፤ አጥሩ እሱ ነው። አንተ ግን አጥሩን አፍርሰህ «አለማሁ» ልትል ነው።

ደግሞ ኩሬውን ብቻ አጥሮ መጠበቅም አይበቃም። አዋቂው ሳላማንደር አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ጫካው ውስጥ፣ ከመሬት በታች ባለ ጉድጓድ ነው። ጫካውን በየጥቂት ዓመቱ ቀለል ያለ እሳት ካልነካው ቁጥቋጦ ይወርሰዋል፣ እንቁላል የሚጣልበት ሣርም ይጠፋል። (የጮቄን ተራራ አቃጥሉ አላልኩም! የኛ የደጋ ዕፅዋት፣ አስታና ጅብራ፣ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህን ካልጨመርኩ ነገ ክብሪት ይዞ የሚወጣ አይጠፋም።)

የኛ ጓጉንቸር ሳላማንደር አይደለም፣ ደረቅ መሬት ላይ ይጥላልም አልልም። ግን ክረምት ገብቶ ጨፌው ሲሞላ ሌሊቱን ሙሉ የሚንጫጫው የት ሆኖ ይመስልሃል? ያው በሚያዝያ «የማይረባ» ያልከው ረባዳ ውስጥ። ዓሣ ካማረህ ጣና አጠገብህ ነው።