ሚጥሚጣ የገባበት ቸኮሌት እና የገና ሰሞን ክርክራችን

ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ሣሩ ሁሉ አመዳይ ለብሶ ነው የሚነጋው። በዚያ ብርድ እኅቴ ከውጭ አገር መጣች፤ ከሻንጣዋም አራት ቸኮሌት አወጣች፣ አራቱም የሚፋጅ በርበሬ የገባባቸው። ጾመ ነቢያት ስለነበር «ጥቁር ነው፣ የጾም ነው» ብላ ከቡናው ጋር አቀረበችው። ጎረቤታችን እትዬ አንድ ቁራሽ አንሥተው ሦስት ጊዜ አላመጡና ዋጡት። «ይሄ ምኑ ያቃጥላል? የልጅ ከረሜላ ነው» አሉ። ሁለተኛውን አስከተሉ። ወደ ሦስተኛው እጃቸውን ሲዘረጉ ግን እዚያው ቀጥ አሉ፤ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙና በዓይናቸው ውሃ ጠየቁ።

ከዚያ ቀን አንሥቶ እስከ ገና ድረስ ስለ ቸኮሌትና ስለ በርበሬ በቤታችን ያልተባለ ነገር የለም። ከተባለው አብዛኛው ስሕተት ነበር፤ የእኔም ጭምር። (ዓመቶቹን የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

«ወዲያው ካላቃጠለ በርበሬ የለበትም»

የእትዬ ስሕተት ይህ ነበር፤ በሚጥሚጣ ላደገ ሰው ደግሞ የማይቀር ስሕተት ነው። ጥሬ ሥጋ ላይ የተነሰነሰ ሚጥሚጣ ዱቄቱ ምላስ እንደነካ ይናገራል። በቸኮሌት ውስጥ ያለው በርበሬ ግን የታሰረ ነው። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ ውሃ አይወድም፤ የሚሟሟው በስብ ነው። ጥቁር ቸኮሌት ከሲሶ በላይ ስብ ነው፤ ይህ የካካዎ ቅቤ ደግሞ የሚቀልጠው 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ፣ ከአፋችን ሙቀት ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው። እስኪቀልጥ ድረስ በርበሬው አይለቀቅም። ሦስት ጊዜ አላምጦ የዋጠ ሰው ጣዕሙን ሳያገኘው ያልፋል፤ ቃጠሎው ብቻ ዘግይቶ ጉሮሮው ላይ ይደርሰዋል።

ስለዚህ አይታኘክም። ቁራሹን ምላስ ላይ አስቀምጦ ወደ ላንቃ ገፋ እያደረጉ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ምሬቱና ስኳሩ ይመጣሉ፤ ቸኮሌቱ ደህና ከሆነ ቀጥሎ እንደ ዘቢብ ኮምጠጥ የሚል ነገር አለ፤ በርበሬው ከሁሉም በኋላ ከጉሮሮ በኩል እየሞቀ ይነሣል። በቤታችን ይህን ለማየት ግማሽ ደቂቃ ያህል መታገሥ አስፈልጎናል፣ ለአባቴ ደግሞ ረጅም ጊዜ ነው። ከአንድ በላይ የሚቀምስ ሰው ከለስላሳው ጀምሮ ወደ ብርቱው ይሂድ። ካፕሳይሲን ነርቩን ለጊዜው ስለሚያደነዝዘው፣ ከብርቱው በኋላ የተቀመሰ ለስላሳ ቸኮሌት ምንም እንደሌለበት ይመስላል።

«ማቃጠል ጣዕም ነው»

ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ ጨው፣ መራራና ሥጋ ሥጋ የሚለው ጣዕም፣ ምላስ የሚለያቸው እነዚህን ነው። ማቃጠል በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ካፕሳይሲን የሚነካው 43 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ «እሳት!» ብሎ የሚጮኸውን የነርቭ ተቀባይ ነው። ይህን ተቀባይ የአሜሪካዊው ተመራማሪ የዴቪድ ጁሊየስ ቤተ ሙከራ በ1997 አገኘው፤ በ2021 ጁሊየስ ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለበት። አማርኛ ግን ቀድሞ ደርሶበት ነበር፤ ሻይም ይፋጃል፣ ሚጥሚጣም ይፋጃል፣ ቃሉ አንድ ነው።

ሰናፍጭ ግን በሌላ በር ነው የሚገባው። በሌላ ተቀባይ ይሠራል፣ ተንኖ አፍንጫን ይወጋል፣ ወዲያው ይጠፋል። ሰናፍጭ የገባበት ቸኮሌት የሚሸጥ ካለ እኔን አይጥሩኝ።

በርበሬና ሙቀት በአንድ ተቀባይ መግባታቸው ለሆት ቸኮሌት ትልቅ ነገር ነው። ካፕሳይሲን ሲኖር ተቀባዩ በዝቅተኛ ሙቀት ይነቃል፤ ስለዚህ ለብ ያለው መጠጥ እንኳን እንደፈላ ይሰማል። «በርበሬው በዛበት» ተብሎ ከሚደፋው ስኒ ብዙው ትንሽ ቢቀዘቅዝ ይጠጣ ነበር።

«ውሃ ይጠጡበት»

ለእትዬ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ሰጠናቸው፤ ጭራሽ ባሰባቸው። ቀዝቃዛ ውሃ የሚያስታግሰው አፍ ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በስብ የሚሟሟውን ነገር ጠርጎ መውሰድ አይችልም። የሚያድነው ወተት ነው፤ በወተት ውስጥ ያለው ኬዚን የሚባል ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይዞ ያጥበዋል። ነገር ግን በጾም ወተት ከየት ይመጣል? አንድ ማንኪያ ስኳር ምላስ ላይ ማቆየት ይረዳል፤ ዳቦም ማኘክ እንደዚሁ። እትዬን ያዳናቸው የዳቦ ጉርሻ ነው። ከዚያ እናቴ ትኩስ ሻይ ልትቀዳላቸው ስትል ያስቆምናት በልመና ነው።

«ጥቁር ከሆነ የጾም ነው»

እኅቴ የአራቱን ወረቀት በደንብ ያነበበችው እትዬ ከሄዱ በኋላ ነው። አራተኛው ላይ የወተት ስብ ተጽፏል። ጥቁር ቸኮሌት በደንቡ ወተት አያስፈልገውም፤ ብዙ ፋብሪካዎች ግን ለማለስለስ የቅቤ ስብ ወይም የወተት ዱቄት ይጨምራሉ። በፊት ለፊቱ በትልቁ የተጻፈው የካካዎ መቶኛም ስለዚህ ምንም አይነግርም። ጀርባውን ማንበብ ነው። እትዬ አራተኛውን ሳይቀምሱ መቅረታቸው የሚጥሚጣው ውለታ ነው።

«በርበሬው የእኛ፣ ቸኮሌቱ የፈረንጅ»

አጎቴ ይህን ሲናገር ደረቱን ነፍቶ ነበር። ሁለቱም ግን ከአንድ አካባቢ የመጡ ናቸው፤ ከአሜሪካ አህጉር። ኮሎምበስ በ1492 ባሕሩን ከማቋረጡ በፊት በርበሬ፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ የሚባል ነገር ከዚያ አህጉር ውጭ የትም አልነበረም። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ያረፉት በ1468 ነው። ቀይ ወጥ የሚባለውን ሳያውቁ አለፉ ማለት ነው። ይህን ስነግረው አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፣ ከዚያ «ታዲያ ምን ይበሉ ነበር?» አለ። ኮረሪማና ጥምዝ የአገራችን በቀል ናቸው፤ ሰናፍጭና ዝንጅብልም የአሜሪካ ዕፅ አይደሉም።

በርበሬን ከቸኮሌት ጋር ማዋሐድም የዘመን አመጣሽ ፈሊጥ አይደለም። የዚያው አህጉር የድሮ ሕዝቦች፣ ማያዎችና አዝቴኮች፣ ካካዎን እንደ መጠጥ ነበር የሚያውቁት፤ ፍሬውን ፈጭተው፣ በርበሬ ጨምረው፣ ከዕቃ ወደ ዕቃ እያንቆረቆሩ አረፋ አስነሥተው ይጠጡት ነበር። አዲሱ ነገር ስኳሩ ነው፤ እሱን የጨመሩት ስፔኖች ናቸው። የሚገመጠው ቸኮሌት ደግሞ ከሁሉም ልጅ ነው፤ የሆላንዱ ቫን ሁተን ቅቤውን የሚጨምቅ ማሽን ያወጣው በ1828፣ የእንግሊዙ ፍራይ ድርጅት ቸኮሌቱን በቅርጽ ያፈሰሰው በ1847 ነው።

«ብርድ ያወጣል»

ስሜቱ እውነት ነው፣ ሙቀቱ ግን አይደለም። ነርቩ «ሞቀ» ሲል አካል ያምነዋል፤ ፊት ይቀላል፣ ላብ ይወጣል። ላቡና ወደ ቆዳ የወጣው ደም ሙቀት ያስወጣሉ እንጂ አያስገቡም። አረቄም እንዲሁ ነው የሚያታልለው። ከቤት ሳይወጡ ለመጠጣት ጥሩ ነው፤ ለሌሊት መንገድ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ይሻላል።

«ጨጓራ ያቆስላል»

ለጨጓራ ቁስለት ዋነኞቹ ምክንያቶች አንድ ባክቴሪያና እንደ አስፕሪን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ባክቴሪያውን ያሳዩት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ2005 ኖቤል ተሸልመውበታል። የታመመ ጨጓራን በርበሬ ሊያስቆጣው ይችላል፤ ቃር ያለበትን ሰው ቸኮሌት ብቻውንም ሊያነሣሣበት ይችላል።

«ነጭ ነገር ከወጣበት ሻግቷል»

ከአራቱ አንዱ ወደ ሸዋ ሮቢት ለአክስቴ ተልኮ፣ በቆላው ሙቀት ለስልሶ፣ ከሳምንት በኋላ ነጣ ነጣ ብሎ ተመለሰ። ሻጋታ አይደለም። የቀለጠው የካካዎ ቅቤ ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና ሲረጋ ነው። መልኩ ይከፋል፣ ልስላሴው ይጎድላል፣ ሰው አይጎዳም። ሆት ቸኮሌት ውስጥ ሲገባ ልዩነቱን የሚያውቅ የለም።

«ፍሬውን ካወጡለት አያቃጥልም»

ገና ሲደርስ ራሳችን እንሥራ ተባለ፤ እናቴ ሚጥሚጣውን ፍሬውን ልታራግፍለት ተቀመጠች። ካፕሳይሲን የሚመረተው ግን ፍሬው በተጣበቀበት ነጩ የውስጥ ሥጋ ነው። ፍሬው የሚያቃጥለው እሱን ስለሚነካካ ብቻ ነው። ቃሪያን ለሁለት ከፍሎ ነጩን በቢላ ጫፍ የገፈፈ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

«ሚጥሚጣ ከሌለ በርበሬ ይተካዋል»

ይሄኛው ስሕተት የእኔ ነው። ወጥ ውስጥ የሚገባው በርበሬ ብቻውን አይደለም፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ጨው አብሮት ተፈጭቷል። የመጀመሪያውን ማሰሮ ስንቀምስ ስኳር የገባበት ቀይ ወጥ ሆነ። ድመቷም አልነካችውም። ሚጥሚጣ የተሻለው ኮረሪማና ጥቂት ጨው ብቻ ስላለበት ነው፤ ሁለቱም ከካካዎ ጋር ይስማማሉ።

«ካልፈላ ሆት ቸኮሌት አይባልም»

ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ቸኮሌት ለመቅለጥ ይህንንም አይፈልግም። ወተቱ ጠርዙ ላይ ሲተን ማውረድ ነው። ለአራት ስኒ ግማሽ ሊትር ወተት፣ መቶ ግራም የተከተፈ ጥቁር ቸኮሌት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አዲስ የተፈጨ ኮረሪማ፣ ሚጥሚጣ ደግሞ በቢላ ጫፍ የሚያዝ ያህል። ቸኮሌቱን «ትንሽ ላቅጥነው» ብሎ አንድ ሁለት ጠብታ ውሃ ማንጠባጠብ አይገባም፤ እርጥበቱ የስኳሩንና የካካዎውን ብናኝ ያጣብቀውና ሊጥ ይሆናል። ወይ ምንም፣ ወይ ትኩሱን ወተት በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ነው። ከዚያ አዝቴኮች እንዳደረጉት ከጀበና ወደ ጀበና አንቆረቆርነው፣ አረፋውም ወጣ።

እትዬ በነጭ ቀሚሳቸው መጥተው ስኒያቸውን ተቀበሉ። አሸተቱት፣ ጥቂት ቀዝቀዝ እስኪል በእጃቸው ይዘው ቆዩ፣ አንዴ ፉት አሉና ስኒውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

«ምነው እትዬ፣ አልጣመዎትም?» አለች እኅቴ።

«ቆይ እንጂ ልጄ» አሉ። «ገና መንገድ ላይ ነው።»