ጀርመን ስተዲስ ሜጀር ማድረግ፦ ሰው የሚለውና እውነታው

"ሜጀሬ ጀርመን ስተዲስ ነው" ባልኩ ቁጥር የምሰማው ነገር ሁሌ አንድ አይነት ነው፣ አሁን ደግሞ ሊጀምሩ ያሰቡ ልጆች በኢንቦክስ እየጠየቁኝ ስለሆነ በአንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። የማወራው ስለ አሜሪካ ኮሌጆች ነው፣ ዝርዝሩ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚለያይ የራሳችሁን ካታሎግ ማየት ግድ ነው።

"ጀርመንኛ የማይችል ሰው አይገባም"

ልክ አይደለም፣ ከዜሮ መጀመር ይቻላል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሜጀሩ አብዛኛውን ጊዜ 10 ኮርስ አካባቢ ወይም 30 ክሬዲት ገደማ ይጠይቃል፣ ግን ብዙ ቦታ የመጀመሪያው ዓመት ጀርመንኛ እዛ ውስጥ አይቆጠርም፣ አንዳንድ ቦታ ሁለተኛውም ዓመት አይቆጠርም። ክሬዲቱ ለዲግሪው ይያዝላችኋል፣ ለሜጀሩ ግን አይሆንም። ኮርሶቹ ደግሞ እንደ መሰላል ናቸው፣ አንዱን ሳይጨርሱ ቀጣዩን መውሰድ የለም፣ እና ሁለት ዓመት ቋንቋ የሚያስፈልገው ሰው በሶስተኛ ዓመቱ ከጀመረ ሴሚናሮቹ (መጨረሻ ላይ ያሉት ከፍተኛ የውይይት ኮርሶች) ጋር የሚደርሰው ጓደኞቹ ሲመረቁ ነው። እኔ የጀመርኩት ሁለተኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ነበር፣ ሰመሩን ሙሉ ኢንቴንሲቭ ኮርስ ተቀምጬ ነው የደረስኩት፣ ለማንም አልመኘውም። ሜጀራችሁን ባትወስኑም ሀሳቡ ካላችሁ በመጀመሪያው ሴሚስተር ቋንቋውን ተመዝገቡ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ።

"ቋንቋው ለኛ አይቻልም"

ከስም በፊት እየገቡ ጾታውን የሚያሳዩት ደር (ወንድ)፣ ዲ (ሴት)፣ ዳስ (ሁለቱም ያልሆነ) ያደክማሉ፣ እሱን አልክድም። ልጅቷ እንኳን "ዳስ ሜድሸን" ተብላ ወንድም ሴትም ያልሆነ ጾታ ነው የሚሰጣት፣ ምክንያቱም መጨረሻዋ ላይ ያለው "ሸን" ማሳነሻ ስለሆነ እሱ የገባበት ስም ሁሉ "ዳስ" ይሆናል። ግን ይሄን ደግሞ እዩት፦ "ቫይል ኢኽ ሞርገን ናኽ በርሊን ፋረ"። ቃል በቃል "ስለ፣ እኔ፣ ነገ፣ ወደ በርሊን፣ እሄዳለሁ" እንደማለት ነው፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ቁጭ አለ። እንግሊዝኛ ብቻ ይዘው የመጡ ክላስሜቶቼ ግሱን እስከ መጨረሻው ይዞ መቆየት ላይ ሲቸገሩ እኔ "ነገ ወደ በርሊን ስለምሄድ" እያልኩ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ እዛ ጋ ብዙም አልከበደኝም።

"ጀርመን ያደገ ሰው ምንም አይቀረውም"

ፕሌስመንት ቴስት (ከየትኛው ደረጃ እንደሚጀምር የሚለካ ፈተና) ወስዶ ከላይ ይጀምራል እንጂ የሜጀሩ ኮርስ ብዛት ብዙ ጊዜ አይቀነስለትም፣ የዘለለውን በከፍተኛ ኮርስ ይተካል። አብሮኝ የተማረ ልጅ ጀርመንኛው እንደ ውሃ ነበር የሚፈሰው፣ የመጀመሪያውን ፔፐር ግን ሶስቴ ነው የጻፈው፣ ማውራትና ጽሑፍ መተንተን ለካ ሌላና ሌላ ነው።

"አራት ዓመት ሰዋስው ነው" ወይም "ስለ ጀርመን አገር ብቻ ነው"

ይሄ ነው በጣም የሚያናድደኝ። ሰዋስው መግቢያው ነው፣ ከዛ በኋላ ስነ ጽሑፍ፣ ታሪክ፣ ፊልም፣ ፍልስፍና ነው። ደራሲው ካፍካ እኮ በ1883 የተወለደው ፕራግ ነው፣ በ2004 የስነ ጽሑፍ ኖቤል የተሸለመችው ኤልፍሪደ የሊኔክ ኦስትሪያዊ ናት፣ በ2009 የተሸለመችው ሄርታ ሙለር ደግሞ ሩማንያ ውስጥ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ሁሉም የጻፉት በጀርመንኛ ነው። አንድ ሴሚናራችን ሙሉ ሴሚስተሩን የጀመረው ከ1961 ነበር፣ የበርሊን ግንብ የተሰራበት ዓመት ነው፣ በዛው ዓመት ምዕራብ ጀርመን ከቱርክ ጋር ሰራተኛ የማምጣት ስምምነት ተፈራርማለች፣ ከዛ ተነስተን "ጀርመናዊ ማነው" የሚለው ላይ ስንከራከር ከረምን። ለኔ ሜጀሩ ማለት እሱ ክፍል ነው።

"ሁሉም በጀርመንኛ ነው"

አይደለም፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጡም ይቆጠራሉ፣ ከታሪክ ወይም ከፍልስፍና ዲፓርትመንት የተወሰዱም ጭምር። ግን ገደብ አለው፣ ሁለት ወይም ሶስት ብቻ የሚቀበሉ አሉ፣ እና የመጨረሻው ሴሚናር ብዙ ቦታ በጀርመንኛ ነው።

"ውጭ ሄዶ መማር ግዴታ ነው"

አብዛኛው ቦታ ይመከራል እንጂ ግዴታ አይደለም። የምትሄዱ ከሆነ ግን የትኛው ኮርስ ለሜጀሩ እንደሚያዝላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አድቫይዘራችሁ በጽሑፍ ያጽድቅላችሁ፣ በቃል "ይሆናል ችግር የለም" ተብሎ ሄዶ ሲመለስ ሁለት ኮርስ ሳይያዝለት የቀረ ሰው አውቃለሁ።

"ዲግሪው ካለህ ጀርመን አገር ማስተርስ በቀጥታ ትገባለህ"

በጀርመንኛ ለሚሰጥ ፕሮግራም የቋንቋ ማስረጃ ለብቻው ይጠየቃል፣ ብዙ ጊዜ ዴኤስሃ ወይም ቴስትዳፍ የሚባሉት የጀርመንኛ ፈተናዎች ናቸው፣ በዴኤስሃ ደረጃ 2፣ በቴስትዳፍ ደግሞ በአራቱም ክፍል ደረጃ 4። ቢኤውን ይዤ ነው አንዱን የተፈተንኩት፣ ማድመጡ ላይ በጣም ነው የጨነቀኝ፣ ስለዚህ ፈተናውን ሳትመረቁ፣ ቋንቋው ገና ትኩስ እያለ ተቀመጡት።