አመለካከትና ማኅበራዊ ግንዛቤ፦ ሰው የሚናገረውና የሚያደርገው

በሥነ ልቦና አመለካከት የሚባለው ሰው ስለ አንድ ነገር፣ ስለ ሌላ ሰው፣ ስለ ቡድን ወይም ስለ ሐሳብ ያለው፣ ወደ መውደድ ወይም ወደ መጥላት ያዘነበለ ፍርድ ነው። ማኅበራዊ ግንዛቤ ደግሞ ሰዎች ስለ ሌሎችና ስለ ራሳቸው መረጃ እንዴት እንደሚቀበሉ፣ ምኑን እንደሚያስታውሱና ከዚያ ተነስተው እንዴት እንደሚፈርዱ የሚያጠና ዘርፍ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ሁለቱን በየራሳቸው ምዕራፍ ያስቀምጧቸዋል፤ የጥናቱን ታሪክ ለተከተለ ሰው ግን አንዱ ሌላውን እየጎተተ የሚመጣ ነው።

ጎርደን ኦልፖርት በ1935 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አመለካከት ለአሜሪካ ማኅበራዊ ሥነ ልቦና የግድ አስፈላጊ ጽንሰ ሐሳብ እንደሆነ ጽፎ ነበር። ለዚህ ያበቃው አንዱ ነገር መለካት መቻሉ ነው። ሉዊስ ተርስተን በ1928 አመለካከት በቁጥር ሊለካ እንደሚችል ተከራከረ፤ ዘዴው ግን ዓረፍተ ነገሮቹን አስቀድመው በደረጃ የሚመድቡ ብዙ ዳኞች ስለሚፈልግ አድካሚ ነበር። ሬንሲስ ሊከርት በ1932 ቀለል ያለውን አመጣ። «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም አልስማማም» የሚደርሰውን መጠይቅ የሞላ ሰው ሁሉ ስሙን ባይሰማም ሥራውን ያውቀዋል።

መጠይቅ ግን የሚይዘው ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውን ነው። የሶሺዮሎጂ ምሁሩ ሪቻርድ ላፒየር ይህን የፈተነው በመንገድ ላይ ነው። ከ1930 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ከአንድ ወጣት ቻይናዊ ባልና ሚስት ጋር አሜሪካን በመኪና ዞረ፤ ጊዜው በቻይናውያን ላይ ያለው ጥላቻ በግልጽ የሚነገርበት ነበር። 251 ሆቴሎች፣ ማረፊያዎችና ምግብ ቤቶች ገቡ። አናስተናግድም ተብለው የተመለሱት ከአንዱ ብቻ ነው። ከጉብኝቱ ስድስት ወር በኋላ ለእነዚሁ ድርጅቶች «ቻይናውያንን በእንግድነት ትቀበላላችሁ?» የሚል መጠይቅ በፖስታ ላከ። 128 መለሱ፤ ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት አንቀበልም አሉ።

የ1934ቱ ጽሑፍ ዝናው ከጥንካሬው የሚበልጥ ይመስለኛል። ደብዳቤውን የመለሰው ሰው እንግዶቹን በር ላይ የተቀበለው ሰው ስለመሆኑ ማስረጃ የለም። ደብዳቤው የጠየቀው ስለ አንድ ሕዝብ በጥቅሉ ነው፤ በር ላይ የቆሙት ግን በደንብ የለበሱና ፈገግ የሚሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። የልብሱ፣ የሻንጣውና የፈገግታው ነገር መስተንግዶውን እንደሚወስን ላፒየር ራሱ ልብ ብሎ ጽፎታል። ያም ሆኖ ጥያቄው ቀረ፤ ሰው የሚለውን ካላደረገ አመለካከቱን መለካት ምን ይፈይዳል?

ነገሩ ይበልጥ የከረረው በ1969 ነው። አለን ዊከር እስከዚያ የታተሙ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ በአመለካከትና በድርጊት መካከል ያለው ተዛምዶ (0 ሲሆን ምንም ግንኙነት የለም፣ 1 ሲሆን ፍጹም ነው) ከ0.30 የሚያልፈው ከስንት አንዴ ሆኖ አገኘው፤ ጽንሰ ሐሳቡን ጭራሽ መተው ይሻል ይሆን እስከማለትም ደረሰ። ማርቲን ፊሽባይንና አይሴክ አይዘን ጥፋቱ የአጠያየቁ ነው ብለው መለሱ። ስለ ጠቅላላ ጉዳይ ጠይቆ አንድን የተለየ ድርጊት ለመተንበይ መሞከር አያዋጣም። ለዚህ ግሩም ማስረጃ የሆነው በ1979 የታተመ የዴቪድሰንና የጃካርድ ጥናት ነው። ሴቶች ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ በጥቅሉ ያላቸው አመለካከት በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት እንክብል ከመውሰዳቸው ጋር ያለው ተዛምዶ 0.08 ነበር፤ ምንም ማለት ይቻላል። ጥያቄው «በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት እንክብሉን ስለ መውሰድ» ተብሎ ሲጠብ ግን ቁጥሩ ወደ 0.57 ወጣ። አይዘን በኋላ በ1991 ባቀረበው ማዕቀፍ አመለካከት ብቻውን አይቆምም፤ ሌሎች ከእኔ ምን ይጠብቃሉ የሚለው ግምትና ድርጊቱ በእጄ ነው ወይ የሚለው ስሜትም ሰውየው ለማድረግ በሚያስበው ላይ ይጨመራሉ።

ሊዮን ፌስቲንገር ደግሞ ጥያቄውን ገለበጠው፤ ድርጊትስ አመለካከትን አይለውጥም? ከጀምስ ካርልስሚዝ ጋር በ1959 ያሳተሙት ሙከራ ዛሬም የሚነገረው በብልሃቱ ነው። ተማሪዎች ለግማሽ ሰዓት የክር ማጠንጠኛዎችን በአንድ እጅ ትሪ ላይ ይደረድራሉ፣ ያነሳሉ፣ መልሰው ይደረድራሉ። ቀጣዩን ግማሽ ሰዓት 48 የእንጨት ችንካሮችን አንድ በአንድ ሩብ ዙር ያዞራሉ። ሆን ተብሎ አሰልቺ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከዚያ በር ላይ ተራዋን ለምትጠብቅ ሴት «በጣም ደስ ይላል» ብለው እንዲነግሯት ይጠየቃሉ፤ ለዚህም ገሚሱ 1 ዶላር፣ ገሚሱ 20 ዶላር ይከፈለዋል። በመጨረሻ ሥራው እንዴት ነበር ሲባሉ ደስ ይል ነበር ወደ ማለት ያዘነበሉት 1 ዶላር የተከፈላቸው ናቸው። 20 ዶላር ለውሸቱ በቂ ሰበብ ነው፤ 1 ዶላር ግን አይሆንምና ሰውየው «ዋሽቻለሁ» ከማለት ይልቅ ሥራውን ወደ መውደድ ይሄዳል። እምነትና ድርጊት ሲጋጩ የውስጥ ጭንቀት ይፈጠራል፣ ሰውም ያን ለማርገብ አመለካከቱን ይለውጣል የሚለው የፌስቲንገር ንድፈ ሐሳብ ይህ ነው።

ዳሪል ቤም ለዚሁ ውጤት የውስጥ ጭንቀት የሚባል ነገር መጥራት አያስፈልግም አለ። እሱ እንደሚለው ሰው የራሱን ልብ የሚያነበው የሌላውን በሚያነብበት መንገድ፣ ከውጭ ድርጊቱን አይቶ ነው። አመለካከት ወደ ማኅበራዊ ግንዛቤ የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው። ሙግቱ ቶሎ አልተዘጋም። ዛናና ኩፐር በ1974 ለተሳታፊዎች የማስመሰያ እንክብል ሰጥተው «ያስጨንቃል» ሲሏቸው የአመለካከት ለውጡ ጠፋ፤ ሰዎቹ የውስጥ መረበሻቸውን በእንክብሉ አሳበዋልና ይህ ለፌስቲንገር ወገን ትልቅ ድጋፍ ሆነ። በ2024 የታተመ፣ 39 ቤተ ሙከራዎች የተሳተፉበት ሙከራ ደግሞ ነገሩን እንደገና አወሳሰበው። ከእምነት የሚቃረን ጽሑፍ መጻፍ አመለካከትን ለውጧል፤ ሰውየው በፈቃዱ መጻፉ ወይም መታዘዙ ግን ንድፈ ሐሳቡ የሚጠብቀውን ልዩነት አላመጣም።

ሌሎችን ወደ ማንበቡ ስንመጣ ሰለሞን አሽ በ1946 ያደረገው ይቀድማል። ለሁለት ቡድን የአንድን ሰው ባሕርያት ዘርዝሮ አነበበ፤ ብልህ፣ ታታሪ፣ ጠንቃቃ እያለ። ልዩነቱ አንድ ቃል ነበር፤ ለአንዱ ቡድን «ሞቅ ያለ»፣ ለሌላው «ቀዝቃዛ»። ሁለቱ ቡድኖች ፍጹም የተለያየ ሰው ሣሉ። በዚያ ቃል ቦታ «ትሑት» እና «ደረቅ ተናጋሪ» የመሰለ ጥንድ ሲገባ ግን ለውጡ ትንሽ ሆነ።

ጆንስና ሃሪስ በ1967 ስለ ፊደል ካስትሮ የተጻፉ የድጋፍና የተቃውሞ ጽሑፎችን ለሰዎች አስነበቡ። ጸሐፊው አቋሙን አልመረጠም፣ ታዝዞ ነው የጻፈው ተብለው እንኳ አንባቢዎቹ ጽሑፉ የልቡ ነው ወደሚል ግምት አደሉ። ሊ ሮስ በ1977 ይህን የሁኔታን ጫና አሳንሶ ሁሉን በባሕርይ የማሳበብ ዝንባሌ መሠረታዊ ስሕተት ብሎ ሰየመው። «መሠረታዊ» ማለቱ ግን ያከራክራል። ጆአን ሚለር በ1984 አሜሪካውያንንና ሕንዳውያንን ስታነጻጽር አሜሪካውያኑ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ባሕርይን ይበልጥ ሲጠሩ፣ ሕንዳውያኑ ሁኔታውን ወደ መጥቀስ ሄዱ።

ዘርፉን በ1984 አንድ ላይ ያሰባሰቡት ሱዛን ፊስክና ሼሊ ቴይለር ሰውን ማሰብን እንደሚቆጥብ አድርገው ገለጹት፤ በኋላ ግን እንደ ዓላማው አንዴ የሚቆጥብ፣ አንዴ የሚደክም ነው ብለው አስተካከሉት። በማሳመን ጥናትም ፔቲና ካቾፖ ይህንኑ መሰል ሐሳብ ይዘዋል፤ ጉዳዩ የሚነካው ሰው ክርክሩን ይመዝናል፣ የማይነካው ተናጋሪውን አይቶ ያልፋል።

በ1998 አንቶኒ ግሪንዋልድና ባልደረቦቹ የላፒየርን ችግር በሌላ በኩል ሊያልፉት ሞከሩ፤ ሰውየውን ከመጠየቅ ይልቅ ፍጥነቱን መለካት። ተፈታኙ የሁለት ቡድኖችን ስሞችና ጥሩ ወይም መጥፎ ቃላትን በሁለት ቁልፎች ይለያል፤ አንዱ ቡድን ከ«መጥፎ» ጋር ቁልፍ ሲጋራ እጁ ከፈጠነ ሁለቱ በአእምሮው ተቆራኝተዋል ይባላል። ፈተናው በዓለም ተሰራጨ። ሆኖም ያው ሰው በሌላ ጊዜ ሲፈተን ውጤቱ በእጅጉ ይለዋወጣል፤ ድርጊትን የመተንበይ አቅሙም ደካማ ነው። ስለ ብዙ ሰዎች አማካይ ለማጥናት ሊጠቅም ይችላል፤ በአንድ ግለሰብ ላይ ፍርድ ለመስጠት ግን አይመጥንም።

ከዚያ የባሰ የገጠመው ጆን ባርግና ባልደረቦቹ በ1996 ያሳተሙት ነው፤ እርጅናን የሚያስታውሱ ቃላት ያነበቡ ወጣቶች ከክፍሉ ሲወጡ ቀስ ብለው ተራመዱ የሚለው። በ2012 ስቴፋን ዶየንና ባልደረቦቹ እርምጃውን በኢንፍራሬድ መሣሪያ ለክተው ሲደግሙት ልዩነቱ አልታየም። ብቅ ያለው ሙከራውን የሚያካሂዱት ሰዎች ተሳታፊዎቹ ቀስ ይላሉ ብለው እንዲጠብቁ ከተደረገ በኋላ ነው።