ግላዊ አመጋገብ፦ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ሰውነቱና እንደ ማዕዱ

ግላዊ አመጋገብ ማለት አንድ ሰው የሚበላውንና የሚጠጣውን፣ እንቅልፉንና እንቅስቃሴውን ለሁሉም በወጣ አንድ ምክር ሳይሆን በራሱ የሰውነት ሁኔታ፣ በቤተሰቡ የሕመም ታሪክ፣ በሥራው፣ በአቅሙና በእምነቱ መሠረት መወሰን ነው። ዓላማው ስኳርን፣ ደም ግፊትንና የልብ ሕመምን የመሳሰሉ ሥር የሰደዱ በሽታዎችን መከላከል ወይም ማዘግየት፣ ዕድሜንም ከነጤናው ማራዘም ነው። ባለፉት ዓመታት ስሙ የሚነሣው በአብዛኛው ከዘረመል ምርመራና ከስልክ መተግበሪያ ጋር ነው። በጥናት የጸናው ውጤት ግን የሚያደላው ወደ ሌላ በኩል ነው፦ የሰውየውን ማዕድና ኑሮ ቀርቦ ወደሚያውቅ፣ ደጋግሞም ወደሚከታተል ባለሙያ።

ሐሳቡ ከዘመኑ ቴክኖሎጂ ይቀድማል። በ1934 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኖርዌያዊው ሐኪም አስብየርን ፎሊንግ የአእምሮ እድገታቸው የተጓተተባቸውን እህትና ወንድም ሽንት መርምሮ ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባለውን በዘር የሚተላለፍ ሕመም ለየ። ሕመሙ ያለበት ልጅ ፌኒልአላኒን የተባለውን የፕሮቲን ክፍል ሰውነቱ በአግባቡ ስለማይጠቀምበት በደሙ ውስጥ እየተጠራቀመ አእምሮውን ይጎዳዋል። በ1953 ሆርስት ቢከልና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ በርሚንግሃም ይህ ንጥረ ነገር የተቀነሰበትን ምግብ ለአንዲት ሕፃን ሰጥተው መሻሻሏን ይፋ አደረጉ። ዛሬ በብዙ አገሮች ሕፃናት እንደተወለዱ ከተረከዛቸው በሚወሰድ የደም ጠብታ ይመረመራሉ፤ ሕመሙ የተገኘበት ልጅም ምግቡ ከተጠበቀለት ከእኩዮቹ ጋር ያድጋል። እዚህ ላይ ነገሩ ግልጽ ነው፤ አንድ ዘረመል፣ አንድ ንጥረ ነገር፣ አንድ መፍትሔ። ስኳርና ደም ግፊት ግን እንዲህ አይደሉም። በርካታ ዘረመሎች እያንዳንዳቸው በጥቂት በጥቂቱ፣ ከኑሮ ጋር ተደርበው የሚያመጧቸው ናቸው።

ዕድሜ ራሱ ምን ያህል ከዘር ይመጣል? ከ1870 እስከ 1900 የተወለዱ 2,872 የዴንማርክ መንታ ጥንዶችን መዝገብ የመረመረ በ1996 የታተመ ጥናት፣ በሰዎች የዕድሜ ርዝመት ላይ ከሚታየው ልዩነት በዘር የሚገለጸው ሩብ ያህሉ እንደሆነ ገምቷል። ቁጥሩ ዛሬም ያከራክራል፤ ለኑሮ የሚተርፈው ድርሻ ግን በየትኛውም ስሌት ትልቅ ነው። ለዚህ ከቀረቡት ማስረጃዎች እኔ የማስቀድመው በሰሜን ምሥራቅ ቻይና በምትገኘው የነዳጅ ከተማ በዳቺንግ የተካሄደውን ነው። በ1986 የደም ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ፣ ገና ስኳር በሽታ ያልያዛቸው 577 ሰዎች በየክሊኒኮቻቸው ተመድበው ከፊሎቹ አመጋገባቸውን፣ ከፊሎቹ እንቅስቃሴያቸውን፣ ከፊሎቹም ሁለቱንም ለስድስት ዓመት እንዲያስተካክሉ ተደረገ። ከ30 ዓመት በኋላ ሲታዩ ምክሩ የደረሳቸው ሰዎች ስኳር የያዛቸው ካልደረሳቸው በአማካይ አራት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነበር፤ ዕድሜያቸውም በአማካይ በ1.44 ዓመት ረዝሞ ተገኝቷል። የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ነገር ትንሽ ሊመስል ይችላል። የስድስት ዓመት ምክር ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ያፈራው መሆኑን ለሚያስብ ግን ብዙ ነው።

በ2002 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካው የስኳር በሽታ መከላከያ ፕሮግራምም 3,234 ሰዎችን አሳትፎ ተመሳሳይ ነገር አሳየ። ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተጣጣሩት በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት ግን በ31 በመቶ ቀነሰ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ዝርዝር፣ እያንዳንዱ ተሳታፊ የራሱ ተከታታይ ባለሙያ የነበረው መሆኑ ነው። 16ቱ ትምህርቶች ለአንድ ለአንድ እየተሰጡ ከየሰው ባህልና ኑሮ ጋር ይስማሙ ነበር።

የዘመኑ ግላዊ አመጋገብ ጎልቶ የወጣው በ2015 ነው። በእስራኤል የቫይዝማን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎቹ ኤራን ሴጋልና ኤራን ኤሊናቭ የመሩት ቡድን 800 ሰዎች ላይ ከቆዳ ሥር ስኳር የሚለካ መሣሪያ አድርጎ ለአንድ ሳምንት የበሉትን፣ የተኙበትንና የተንቀሳቀሱበትን ሰዓት አስመዘገበ። ከሰገራቸው ናሙና ተወስዶም አንጀታቸው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ተለዩ። የ46,898 ምግቦች መረጃ ሲተነተን ሰው ሁሉ ለአንድ ዓይነት ምግብ አንድ ዓይነት ምላሽ እንደማይሰጥ ታየ። የአንዱን ስኳር ሽቅብ የሚሰድደው ሙዝ የሌላውን ብዙም አይነካውም፤ ብስኩት ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ይሆናል። ያው ተቋም በ2017 በ20 ሰዎች ላይ በእርሾ የቦካ የሙሉ ስንዴ ዳቦና የፋብሪካ ነጭ ዳቦ አወዳድሮ ነበር። በአማካይ ልዩነት አልተገኘም፤ የአንዳንዱ ሰው ስኳር በነጩ፣ የአንዳንዱም በቦካው ይበልጥ ከፍ አለ። በየቀኑ የቦካ እንጀራ ለሚበላ ሕዝብ ይህ ትኩረት የሚገባው ጥያቄ ነው፤ በጤፍና በአብሲት ላይም እንዲህ ያለ ጥናት በስፋት ቢሠራ መልካም ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ውጤቶች ድብልቅልቅ ናቸው። በ2021 እዚያው እስራኤል ውስጥ ቅድመ ስኳር ባላቸው፣ ማለትም የደም ስኳራቸው ከፍ ቢልም ገና በሽታው ባልያዛቸው 225 ሰዎች ላይ ለስድስት ወር በተደረገ ሙከራ፣ በኮምፒውተር ስሌት ግላዊ አመጋገብ የተዘጋጀላቸው ሰዎች፣ አትክልት፣ ጥራጥሬና የወይራ ዘይት የሚበዛበት የሜዲትራኒያን አመጋገብ ከተሰጣቸው ይልቅ የደም ስኳራቸው ተሻሽሏል። በ2022 በኒውዮርክ በ204 ሰዎች ላይ የተደረገው ግን ግላዊው ምክር ቅባት ከቀነሰው የተለመደ ምክር የበለጠ ክብደት እንዳልቀነሰ አሳይቷል። በአሜሪካ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ መሠረቱን የሚነካ ጥያቄ አነሣ፤ አንድ ሰው ያንኑ ምግብ በሌላ ቀን ደግሞ ሲበላ የስኳሩ ምላሽ በሁለቱ ጊዜ በእጅጉ ተለያይቷል። መሣሪያው ለአንድ ሳምንት ያሳየውን ይዞ «ይህ ምግብ ለእኔ አይስማማም» ማለት ስለዚህ ችኮላ ነው። ስኳር በሽታ ለሌለበት ጤነኛ ሰው እንዲያውም ከመሣሪያው የሚገኘው ጥቅም ገና አልተረጋገጠም።

የዘረመል ምርመራው ነገር ከዚህም ይቀጥናል። በ2018 የስታንፎርዱ ክሪስቶፈር ጋርድነር 609 ሰዎችን ከፊሎቹ ቅባት፣ ከፊሎቹ ካርቦሃይድሬት እንዲቀንሱ አድርጎ ለዓመት ሲከታተል፣ ለየትኛው አመጋገብ ማን እንደሚስማማ ዘረመሉ መለየት አልቻለም። በሰባት የአውሮፓ አገሮች በተካሄደው ፉድ ፎር ሚ በተባለው ጥናትም በግል የተዘጋጀ ምክር ከጅምላው ምክር በልጦ ተገኝቷል፤ በዚያ ላይ የዘረመል ውጤት መጨመሩ ግን የፈየደው ነገር አልነበረም። ምራቅ በፖስታ ልኮ የምግብ ዝርዝር ለመቀበል ገንዘብ ለሚያወጣ ሰው ይህን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ዘርና አካባቢ እንዴት እንደሚተሳሰሩ ከሚያሳዩት ሥራዎች አንዱ ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት ነው። በስዊድን የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቿ ጋር በ1996 ባሳተመችው ጥናት፣ ብዙ መድኃኒቶችን በጉበት ውስጥ የሚሰባብረውን ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለውን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረመል በ29 በመቶ ኢትዮጵያውያን ላይ ተደራርቦ መገኘቱን አሳይታለች። እንዲህ ያለ ሰው ለምሳሌ ኮዴይን የተባለውን ማስታገሻ ሲወስድ ሰውነቱ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ስለሚቀይረው ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል። በ2002 የወጣው ቀጣይ ጥናት ግን ተመሳሳይ ዘረመል ያላቸውን ኢትዮጵያ የሚኖሩና ስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ሲያወዳድር፣ የኢንዛይሙ ሥራ አገር ቤት ባሉት ዝግ ብሎ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ ምግብን ጨምሮ በአካባቢ ልዩነት ውስጥ እንደሆነ ገመቱ። ዘሩ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚኖሩበት አገር ነው።

የአገር መለወጥ በጤና ላይ የሚያደርገውን ከቤተ እስራኤላውያን ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም። በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የገቡት በአብዛኛው ከገጠር የመጡ፣ ብዙ የሚራመዱና ስኳር በሽታ እምብዛም የማያውቃቸው ነበሩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የወጡ ጥናቶች ግን ገና ወጣት በሆኑት ላይ ሳይቀር በሽታውን ማግኘት ጀመሩ። ከዓመታት በኋላ በእስራኤል የሐደራ ከተማ ሐኪሟ አናት ያፌና ባልደረቦቿ ኢትዮጵያውያኑ ቀጫጭን ሳሉ፣ ማለትም ክብደታቸው በመደበኛው መለኪያ ደህና በሚባልበት ደረጃ ላይ እያለ፣ ስኳር እንደሚይዛቸው አሳዩ። «አልወፈርኩም፣ ስኳር የለብኝም» የሚለው እምነት ስለዚህ ለዚህ ማኅበረሰብ አደገኛ ነው፤ ምርመራውም ክብደት እስኪጨምር መጠበቅ የለበትም።

ማዕዱ ላይ የሆነው ምን ነበር? ጤፍ ባለመገኘቱ እንጀራው ከነጭ የስንዴ ዱቄት ይጋገር ጀመር። ለስላሳ መጠጥ፣ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ የዕለት ምግብ ሆኑ፤ እግር ጉዞ በአውቶቡስ ተተካ። የሥነ ምግብ ባለሙያው ያጠናው ምክር ደግሞ ሳህን ላይ የተመሠረተ ነው፦ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ እህል፣ ሩቡ ፕሮቲን። በአንድ ትሪ ዙሪያ አምስት ሰው ለሚበላ፣ እናት እንግዳውን በጉርሻ ለምታስጨንቅበት ቤት ይህ ሳህን የለም። የሚሠራው ጥያቄ «ስንት ጊዜ ጭማሪ እንጀራ ትወስጃለሽ?»፣ «ምስሩና ጎመኑ ከእንጀራው ጋር ሲተያይ ስንት ነው?»፣ «ቡናው ላይ ስንት ማንኪያ ስኳር ይገባል?» ዓይነት ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት በ1998 ረፉአ ሽሌማ የተባለው ፕሮግራም አማርኛ ተናጋሪ አገናኞችን በክሊኒኮች መደበ፤ ጤና ብሪዑት የተባለው ድርጅትም በማኅበረሰቡ ቋንቋ ስለ ስኳር ማስተማሩን ያዘ። ከቫይዝማን ቤተ ሙከራ ብዙም ሳይርቅ የተሠራው ይህ ሥራ የግላዊ አመጋገብ ስም ባይሰጠውም እኔ የምቆጥረው ከዋነኞቹ ምሳሌዎች ነው።

አገር ቤትም ተመሳሳይ ዝርዝር አለ። በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥር ሰደድ በሽታዎች ዳሰሳ ኢትዮጵያዊው በአማካይ በቀን 8.3 ግራም ጨው እንደሚወስድ አሳይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ደም ግፊት ያለበት ሰው «ጨው ቀንስ» ሲባል ወጡ ላይ የሚነሰንሰውን ይቀንሳል። በርበሬውና ሽሮው ግን ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸዋል። የቤቱን አሠራር የጠየቀ ባለሙያ ብቻ ነው «የሚቀጥለው በርበሬ ሲደለዝ የእሱን ድርሻ ያለ ጨው ለዩለት» የሚለው።

ጾም ሌላው የባለሙያ ጥያቄ ሊሆን የሚገባው ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን የአጽዋማቱን ቀኖች ሁሉ የሚጾሙ ከሆነ በዓመት እስከ 250 ቀን ያህል ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይታቀባሉ። ሽሮ፣ ምስር፣ ተልባና ጎመን ለልብ ተስማሚ ምግቦች ናቸው። ቫይታሚን ቢ12 ግን በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ለስኳር በብዛት የሚታዘዘው ሜትፎርሚንም በረጅም ጊዜ ይህንኑ ቫይታሚን ከሰውነት ይቀንሳል። አጽዋማቱን ሁሉ የምትጾም፣ ሜትፎርሚን የምትወስድ፣ እግሯ የሚደነዝዛት እናት ስለዚህ መደንዘዙን ሁሉ ለስኳሩ ከመስጠት በፊት ቢ12ዋን መለካት ይገባታል፤ እጥረቱ ከተገኘም በመርፌ ወይም በክኒን ይተካል። የምግብ መጠበቂያው ሰዓትም እንዲሁ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የሚቆይ ሰው ጠዋት ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን ከወሰደ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ለረመዳን ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን በ2021 ባሻሻለው መመሪያ ታማሚው በመድኃኒቱ፣ በስኳሩ ሁኔታ፣ በኩላሊቱና በእርግዝና እየተመዘነ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ በክትትል ሊጾም ሲችል፣ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ እንዳይጾም ይመከራል። ለዐቢይ ጾምም ይህን ሒሳብ በሽተኛው ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት ቀደም ብሎ ሊሠራው ይችላል፤ መድኃኒቱን በራሱ ሥልጣን ከማቋረጥ ወይም ሳይበላ ከመውሰድ የሚጠብቀው ይህ ነው።